ለዓይናችሁም ዕረፍት ስጡት

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዕድሜዬን በዓይን ሕክምና ነው ያሳለፍኩት። ድሮ ወጣት ወደ ምርመራ ክፍሌ ሲመጣ ወይ ኳስ መትቶት፣ ወይ ብየዳ ላይ ፍንጣሪ ገብቶበት፣ ወይ የሰሌዳው ጽሑፍ አልታይ ብሎት ነበር። አሁን አብዛኛው “አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ማታ ማታ ይደበዝዝብኛል” እያለ ነው የሚመጣው። “ስልክ ይዘህ እስከ ስንት ሰዓት ታመሻለህ?” ስለው አንገቱን ይደፋል።

ስልክ ጣሉ ልላችሁ አይደለም። አንድ እናት የዓይን ሞራ አውጥተንላቸው በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ፣ ነርሷ ስልካቸውን ከፍታ ያዘችላቸው። ቤይሩት ያለች ልጃቸው በኢሞ እየጠበቀች ነበር። “ከስተሻል!” ብለው አለቀሱ። ከዓመታት በኋላ ፊቷን በደንብ ያዩት ያኔ ነው። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ።

ጣጣው አጠቃቀማችን ላይ ነው። ዓይን በደቂቃ ወደ 15 ጊዜ ይርገበገባል። በተርገበገበ ቁጥር እንባው በዓይን ላይ እኩል ይዳረሳል። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ግን ይህ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል፤ እንባው ይተናል፣ ዓይኑ ይደርቃል። ቅርቡን አጥርተን እንድናይ የምትረዳን ትንሽ ጡንቻም ቀኑን ሙሉ እንደተኮማተረች ትውላለች። ስለዚህ በየ20 ደቂቃው ቀና በሉና 6 ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ የራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ እዩ። የማዶው ቤት ጣሪያም ይበቃል። ዓይናችሁንም ደጋግማችሁ ጥርቅም አድርጋችሁ ጨፍኑ። “ሰማያዊ ብርሃን ይከላከላል” የሚባለውን መነጽር ለዚህ ድካም ብላችሁ አትግዙ፤ እንደሚረዳ የሚያሳይ አጥጋቢ ማስረጃ የለም።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ጠብታው ነው። ዓይን ሲቀላ ጓደኛ “ይቺ ፍቱን ናት” ብሎ የሰጠውን መጨመር ተለምዷል። ብዙ ጊዜ ውስጡ ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ፣ ማለትም መቆጣትን የሚያበርድ ብርቱ መድኃኒት አለ። መቅላቱን ቶሎ ስለሚያጠፋው ሰው ይወደዋል። ያለ ሐኪም ክትትል ለሳምንታትና ለወራት ሲጨመር ግን የዓይንን ግፊት ሊጨምር፣ የእይታ ነርቩን ሊጎዳ፣ ሞራም ሊያመጣ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ለዚህ ነው ሰው የማይነቃው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ “በር ስገባ ትከሻዬን መቃኑ ይመታኛል” ብሎ መጣ። ፊት ለፊቱን አጥርቶ ያያል፤ የጎን እይታው ግን አልቋል። ሌሊት ሌሊት ስልክ ላይ እያመሸ፣ ሲቀላበት ይህንኑ ጠብታ ለረጅም ጊዜ ሲጨምር ኖሯል። ግፊቱን አወረድንለት፤ የጠፋውን እይታ ግን መመለስ አልቻልንም። እንዲህ ነርቩ ሲጎዳ በሽታው ግላኮማ ይባላል፤ በግላኮማ የጠፋ እይታ አይመለስም። መድኃኒት ቤት ያላችሁ ወጣት ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ይህን ያለ ማዘዣ አትስጡ።

ወደ እንቅልፍ ልምጣ። ደማቅ ብርሃን አንጎላችንን ገና አልመሸም ያሰኘዋል፣ የእንቅልፍ ሆርሞኑም ይዘገያል። በእኔ እይታ ግን የባሰው ነገሩ ማለቂያ የሌለው መሆኑ ነው። ጋዜጣ ገጹ ያልቃል፤ ቲክቶክ አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ2006 ማለቂያ የሌለውን ስክሮል፣ ማለትም በጣት በገፋነው ቁጥር አዲስ ነገር የሚያመጣውን ገጽ የነደፈው የቴክኖሎጂ ባለሙያ አዛ ራስኪን ራሱ፣ ቆይቶ በመሥራቱ እንደተጸጸተ በአደባባይ ተናግሯል። እናንተ ፈቃደ ደካማ ስለሆናችሁ አይደለም እንግዲህ የምትሸነፉት። ነገሩ ሲሠራ እንዳታቆሙ ተደርጎ ነው። ስለዚህ ከእጃችሁ አርቁት። አንድ ክፍል ተከራይታችሁ የምትኖሩም ቢሆን ቻርጀሩን በሩ አጠገብ ሰኩት፤ ለማንቂያ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙ።

ታናናሾቻችሁን ደግሞ አደራ። ሕፃን ሲያለቅስ ስልክ ማስያዝ ቤቱ ሁሉ ለምዶታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን ጨርሶ አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ቤት ውስጥ ተዘግቶ ቅርብ ቅርቡን ሲያይ የሚያድግ ልጅ ሩቅ የማየት ችግር በቀላሉ ይይዘዋል። ታይዋን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ተማሪዎች በቀን ሁለት ሰዓት ከቤት ውጪ እንዲያሳልፉ በትምህርት ቤቶች በኩል ጥረት አድርጋለች። ለዓመታት ሲጨምር የነበረው የማየት ችግር ያለባቸው ሕፃናት ድርሻም ከዚያ በኋላ መቀነስ ጀመረ። የረዳው የቀን ብርሃን እንደሆነ ይታመናል፤ ክፍያ የለውም።

እና ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ይበቃል። ድብብቆሽ ይሁን ሰኞ ማክሰኞ፣ እነሱ ይምረጡ። እናንተም አብራችሁ ተጫወቱ፤ ስልኩ ቤት ይቅር።