ማሽኑን ከየትኛው ግድግዳ ላስጠጋው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ሰሚት አካባቢ ነው። ግቢያችን ውስጥ ከዋናው ቤት ተለይቶ ለብቻው የቆመ የብሎኬት ጋራዥ አለ። ወርዱ 4 ሜትር፣ ርዝመቱ 6 ሜትር ተኩል ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሊሾ ነው። በጠባቡ በኩል ሁለት ተከፋች የላሜራ በር አለው። የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ቅዳሜና እሑድ ለቤቴ ቁም ሳጥንና አልጋ መሥራት እፈልጋለሁ። የጠረጴዛ መጋዝ፣ አነስ ያለ የመላጊያ ማሽንና ትራፓኖ ገዝቻለሁ። ከየትኛው ግድግዳ ላስጠጋቸው? መኪናዬስ አብራ ትገባለች?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ከመኪናዋ ልጀምር። አትገባም። መግባቱንማ ትገባለች። ግን ቅዳሜ ጠዋት መኪና አውጥቶ፣ ማሽን ጎትቶ፣ ማታ ሰጋቱራ ጠርጎ መኪና የሚመልስ ሰው ወር ሳይሞላው ይሰለቻል። ከዚያ በኋላ መጋዙ የዕቃ መደርደሪያ ይሆናል። እንዲህ የሆነ መጋዝ ብዙ አይቻለሁ። መኪናዋን ግቢው ውስጥ ዳስ ነገር ሠርተህ አቁማት።

አሁን ወደ ግድግዳው። መጋዙን ከየትኛውም ግድግዳ አታስጠጋው። መሀል ላይ ይቁም። ሰው ጋራዡን ለክቶ፣ ማሽኑን ለክቶ፣ «ይበቃል» ይላል። ቦታ የሚፈጀው ግን ማሽኑ ሳይሆን እንጨቱ ነው። ኤምዲኤፍም ሆነ ችፑድ (ከደቀቀ እንጨትና ከኮላ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) አንዱ ሉህ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። በቁመቱ ስትሰነጥቀው ከምላጩ በፊት 2.44 ሜትር ይፈልጋል። ምላጩን ካለፈ በኋላም ሌላ 2.44 ሜትር። ድምሩ 4.88 ነው። አንተም የምትቆምበት ያስፈልግሃል። ስለዚህ የጋራዥህ 6 ሜትር ተኩል ርዝመት ልክ የሚበቃ ነው፤ ወርዱ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ምላጩን በርዝመቱ አቅጣጫ፣ ከሁለቱም ጫፍ 3.25 ሜትር ላይ አድርገው።

ስትሰነጥቅ ፊትህ ወደ በሩ ይሁን። ይህን የምለው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ 4 ሜትር ሞራሌ ቢያጋጥምህ መጋዙን ወደ በሩ ገፋ አድርገህ፣ በሩን ከፍተህ ወደ ግቢ ታሳልፈዋለህ። ሁለተኛው ይበልጣል። ምላጭ እንጨት ነክሶ ሲወረውር የሚወረውረው ወደ ሠራተኛው፣ ወደ ኋላ ነው። ጀርባህ በኩል ባዶ ግድግዳ ካለ እዚያው ሄዶ ይመታል። ፊትህን ወደ ውስጥ አዙረህ ብትቆም ግን የሚወረወረው ወደ በሩ፣ ልጆች ወደሚሯሯጡበት ነው። ሰው ሲገባም አታይም። አንተም ብትሆን ከምላጩ ትክክል ኋላ አትቁም፤ ትንሽ ወደ ጎን በል።

መሥሪያ ጠረጴዛው አንዱን ረጅም ግድግዳ ተከትሎ ይሂድ። ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ይበቃል። ሰፋ ካደረግከው ግማሹ የቆሻሻ ማከማቻ ይሆናል። ከፍታውን ከኢንተርኔት አትፈልግ። ቀጥ ብለህ ቁም፣ እጅህን ወደ ታች ልቀቀው፣ የእጅህ አንጓ የደረሰበት ከፍታህ ነው። በእጅ መላጊያ ብዙ የምትሠራ ከሆነ ትንሽ ዝቅ አድርገው። በሌላኛው ግድግዳ እንጨት ትደረድራለህ፣ 40 ሳንቲ ስጠው። መሀል ላይ 3 ሜትር ይተርፍሃል። የመላጊያ ማሽኑና ትራፓኖው ጎማ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይሁኑ። ጎማው ፍሬን ያለው ይሁን እንጂ። ይኸው ጠረጴዛ ከመጋዙ በ1 ሳንቲ ዝቅ ካለ፣ ማሽኖቹን ስታነሳለት ተሰንጥቆ የሚወጣውን ሉህ ተቀብሎ ይይዝልሃል።

ባለሙያ ከመጥራትህ በፊት ወለሉ ላይ በቾክ ሁሉንም ሣል። ከዚያ 2.44 ሜትር ሞራሌ ትከሻህ ላይ አድርገህ ከበሩ እስከ መጋዙ ሂድ፣ ዙር፣ አውርድ። አምፖል የሚሰብር ከሆነ አሁኑኑ ታውቀዋለህ። ጣሪያውንም ለካ። የተጋደመ ሙሉ ሉህ ባለበት ቀጥ አድርጎ ለማቆም ማዕዘኑ እስከ 2.73 ሜትር ይወጣል።

መስኮት ካልወጣ አሁን አውጣ። እኔ የምመርጠው በሰሜን በኩል ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ቀትር ላይ ፀሐይ አብዛኛውን ዓመት በደቡብ በኩል ነች። ወደ ሰሜን የምታጋድለው በግምት ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ነው። ያኔ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ደመናው ይከልላታል። ሰሜን የሚያይ መስኮት ዓይን የማይወጋ ብርሃን ይሰጣል፣ የእርሳስ መስመርህም ጥርት ብሎ ይታያል። የሰሜኑ ግድግዳ የጎረቤት ድንበር ከሆነ ግን መስኮቱን ተወው። ከጣሪያው አንድ ቆርቆሮ አንሳና ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ተካበት።

መብራቱ ላይ ገንዘብ አትቆጥብ። 2200 ዋት መጋዝ በ220 ቮልት 10 አምፔር ይወስዳል፤ ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት ከዚያ ብዙ እጥፍ ይስባል። ከሳሎን ሶኬት በቀጭን ማራዘሚያ መሳብ የሚባል ነገር አይታሰብ። ተጠቅልሎ የተቀመጠ ማራዘሚያ ግሎ ይቀልጣል። ከቆጣሪው ቀጥሎ ካለው ዋና ሳጥን ራሱን የቻለ መስመር ይውጣ፣ የራሱ ብሬከርና ኧርዝ ይኑረው። ርቀቱ ረዘም ካለ 4 ሚሊ ካሬ ገመድ ይሳብ። የአምፖሉ መስመር ከማሽኑ ይለይ። መጋዙ ብሬከር ሲጥል ጨለማ ውስጥ ከሚሽከረከር ምላጭ ጋር መቅረት የለብህም። ከዚያው ሳልወጣ፦ ያረጀ ዱላ ፍሎረሰንት ካለህ ጣለው። በእኛ 50 ኸርዝ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፤ የሚዞረውን ምላጭ የቆመ ሊያስመስለው ይችላል።

ብናኙን ቀላል አታድርገው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሰነድ ካንሰር አምጪ ከሚባሉት መድቦታል። ኤምዲኤፍ ደግሞ ኮላውም አለበት። ማስክ አድርግ፣ በሩን ክፈት፣ ደረቁን በመጥረጊያ አታቡንን። ቡና ወርክሾፕ ውስጥ ማፍላት ደስ እንደሚል አውቃለሁ። ከሰሉ ግን ከሰጋቱራና ከቲነር ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አይዋል። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅም ጨብጠህ ጥግ አትጣል፤ እሳት ሳይነካው በራሱ ግሎ ይነዳል። ዘርግተህ ደጅ አድርቀው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት። ጋራዤ ውስጥ የቤት ዕቃ እሠራለሁ። ጠቅልዬ ደብረ ብርሃን ልገባ ነው፣ እናቴ ግቢ ውስጥ ወርክሾፕ አሠራለሁ። ባለ 120 ቮልት ማሽኖቼን ይዤ ልምጣ?
አንባቢ፣ ከአሜሪካ

መልስ፦ እህቴ፣ ለይተሽ አምጪ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርድልሻል፤ 60 ኸርዙን ግን 50 አያደርገውም። ካርቦን ብሩሽ ያላቸው እንደ እጅ ትራፓኖ ያሉት ለዚህ ግድ የላቸውም፣ በቂ ትራንስፎርመር ካገኙ ይሠራሉ። ብሩሽ የሌለው ከባድ የመጋዝ ሞተር ግን ፍጥነቱ ከስድስት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል፣ ይግላልም። እሱን እዚያው ሽጪና ለ220 ቮልትና ለ50 ኸርዝ የተሠራ ግዢ። የእጅ ዕቃሽን፣ መሮሽንና መላጊያሽን ግን አንድም አታስቀሪ።

ለወርክሾፑ አቀማመጥ ከላይ ለወንድምሽ ያልኩት ይሠራልሻል። ደብረ ብርሃን ላይ የሚጨመረው ብርዱ ነው። ነጭ ኮላ ከ10 ዲግሪ በታች በወጉ አይይዝም። ስለዚህ ኮላ ያለበትን ሥራ ረፋድ ላይ ጀምሪ፣ ቆርቆሮውን በኮርኒስ አልብሺው፣ የኮላውን ጣሳም ማታ ማታ ቤት አስገቢው።