ሐምሌ 1 ላይ ሁሉንም በአንድ ሌሊት እናዛውር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምሠራው አዳማ ውስጥ ባለ አንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ስድስት ቅርንጫፎችና ከሃያ ሺህ በላይ አባላት አሉን። የድሮውን የኮምፒውተር ሲስተም የሠራው አንድ ልጅ ነበር፤ አሁን አገር ውስጥ የለም። አዲስ ሲስተም ተገዝቶ እኔ የዝውውሩ አስተባባሪ ሆኜ ተመድቤያለሁ። ቦርዱ ሐምሌ 1 ቀን በስድስቱም ቅርንጫፍ ሥራ እንዲጀምር ወስኖ ለአባላት ሳይቀር አስታውቋል። ሻጩ ድርጅት በጠየቅሁት ቁጥር “ዘጠና በመቶ አልቋል” ይለኛል። አማካሪ ተቀጥሮ 64 ረድፍ ያለው የስጋት ዝርዝር ሠርቶልናል፤ ዞር ብሎ የሚያየው ግን የለም። እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ከየት ልጀምር?

— የዝውውር አስተባባሪዋ፣ ከአዳማ

መልስ

እህቴ፣ እንቅልፍ ብታጪ አይፈረድብሽም። እኔም ዕድሜዬን የፈጀሁት የገንዘብ ተቋማት ሲስተም ሲቀይሩ አብሬ በመሥራት ነው። ደብዳቤሽን ሳነብ ያሳሰበኝ ግን 64ቱ ረድፍ ሳይሆን ያልጻፍሽው ነገር ነው። ሐምሌ 1 ጠዋት አዲሱ ሲስተም አልሠራም ቢል ወደ ድሮው የምትመለሱት እንዴት ነው? በስንት ሰዓት ውስጥ? “ተመለሱ” የሚለው ማን ነው? ለዚህ መልስ እስኪገኝ ድረስ የቀረው ሁሉ ይቆይ።

የእንግሊዙ ቲኤስቢ ባንክ የደረሰበትን ላጫውትሽ፤ ከእናንተ ጉዳይ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ባንኩ ሎይድስ ከተባለው ሌላ የእንግሊዝ ባንክ ተለይቶ ከወጣ በኋላም የሚገለገለው በሎይድስ ሲስተም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የስፔኑ ሳባዴል ባንክ ገዛውና ወደ ራሱ ሲስተም ሊያዛውረው ተነሳ። መጀመሪያ የታሰበው ለ2017 መጨረሻ ነበር፤ አልደረሰም፤ ተራዘመ። በኋላ የወጣው ገለልተኛ የምርመራ ሪፖርት እንዳሳየው ግን አዲሱ ዕቅድም የተሠራው ከማብቂያው ቀን ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው። ሥራው ስንት ጊዜ ይፈጃል ተብሎ አልተጠየቀም። ቀኑ ተቆረጠ፣ ሥራው ተጨምቆ እንዲገባበት ተደረገ። ከዚያም በኤፕሪል 2018 በአንድ ቅዳሜና እሁድ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ያሉት ባንክ፣ አብዛኛውን ሥራ በአንድ ጊዜ አዛወረ።

ልብ አድርጊ፣ ዳታው በደህና ነው የተሻገረው። የወደቀው የተቀበለው ሲስተም ነው። እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚሆኑ ደንበኞች አካውንታቸው ውስጥ መግባት አቃታቸው። ሲስተሙ የሚያርፍባቸው የመረጃ ማዕከላት ሁለት ሆነው ሳለ፣ ጭነት ይችል እንደሆነ የተፈተነው አንዱ ብቻ ነበር። ባንኩ ሙሉ በሙሉ ወደ መደበኛ ሥራው የተመለሰው ዲሴምበር ላይ ነው። በ2022 መጨረሻ ተቆጣጣሪዎቹ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው።

የእናንተ ሐምሌ 1ም ከቀኑ ወደ ኋላ የተቆጠረ ይመስለኛል። ቦርዱ ለምን እንደመረጠው ይገባኛል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ አዲሱ ሲስተም ንጹሕ መነሻ ቀሪ ሒሳብ ይዞ ይጀምራል። በወረቀት ላይ ያምራል። ግን የሒሳብ ሠራተኞቻችሁ በዓመቱ ውስጥ ፋታ የሚያጡት ያን ሳምንት ነው። የሒሳብ መዝጊያውን ሩጫና የማያውቁትን ሲስተም በአንድ ላይ ስታሸክሚያቸው፣ ልዩነት ሲመጣ ጥፋቱ የመዝጊያው ይሁን የዝውውሩ ማወቅ አይቻልም። ችግሩ ሳይፈታ ነሐሴ ይደርስና አባላት ለልጆች ትምህርት ቤት ብድር ፈልገው ይሰለፋሉ።

ስለዚህ አንድ ቅርንጫፍ ምረጪ። ትንሹን፣ ግን ጠንካራ ገንዘብ ያዥ ያለበትን። እዚያ ብቻ ሁለቱም ሲስተም ጎን ለጎን ይሂዱ፣ ቢያንስ አንድ የወር መጨረሻ እስኪዘጋ ድረስ። ማታ ማታ ሦስት ቁጥር ይመሳከር፦ ጠቅላላ ቁጠባ፣ ያልተከፈለ ብድር፣ ካዝና ውስጥ ያለው ጥሬ ገንዘብ። የአንድ ብር ልዩነት ብትሆንም ምክንያቷ ሳይታወቅ ማንም ቤቱ አይሂድ። ይህ ለሠራተኛው ድርብ ሥራ ነው። የትርፍ ሰዓቱን ክፈሉ፤ “ትንሽ ታገሱ” ብቻ ብላችሁ አትለፉት። የዚያ ቅርንጫፍ አባል ሌላ ቅርንጫፍ ሄዶ ላውጣ ሲል ምን ይደረጋል የሚለውንም አስቀድመሽ ወስኚ። ለጊዜው በስልክ ተረጋግጦ ይከፈል ብትሉ ይበቃል። ይህን የረሳ የሙከራ ቅርንጫፍ በመጀመሪያው ቀን ነው የሚበጠበጠው።

ከቅርንጫፉም በፊት ግን ዳታው ይቅደም። ሻጩ ዝግጁ ነኝ እስኪል አትጠብቂ። በዚህ ሳምንት ከድሮው መዝገብ ሁለት መቶ ያህል አባላት በእጅሽ ልቀሚ። ቀላሎቹን ተያቸው። ብድሩ የተራዘመለት፣ ዋስ ሆኖ ቁጠባው የታገደበት፣ ሞቶ ወራሾቹ የሚከራከሩበት፣ ጳጉሜን ውስጥ የተበደረ፣ እነዚህን አምጪ። አዲሱ ሲስተም ውስጥ ይግቡና ውጤቱን ቁጭ ብለሽ እይው።

ጳጉሜንን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ብዙ የድሮ ሲስተሞች ወሩን ሁሉ ሠላሳ፣ ዓመቱን 360 ቀን አድርገው ነው ወለድ የሚያሰሉት። አዲሱ ምናልባት በ365 ያሰላል። በዓመት 15 በመቶ የሚታሰብበት የ100,000 ብር ብድር ውሰጂ። በ365 ሲካፈል የቀን ወለዱ 41 ብር ከ10 ሳንቲም ገደማ ነው። ከነሐሴ 25 እስከ መስከረም 5 ድረስ የድሮው 10 ቀን ይቆጥራል፣ አዲሱ ደግሞ 15። የጳጉሜን አምስት ቀን ብቻዋን 205 ብር ከ48 ሳንቲም ትሆናለች። የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚወስነው ሶፍትዌሩ አይደለም፤ ከአባሉ ጋር የተፈረመው ውል ነው። ውሉን አውጥታችሁ አንብቡ። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ቀን እንደምትሆንም ለሻጩ ንገሪው፤ ሶፍትዌሩ ለፈረንጅ ካላንደር የተሠራ ከሆነ ይህን በራሱ አያውቅም።

ስም ሌላው ጣጣ ነው። አንዱ ጸሐፊ ኃይሉ፣ ሌላው ሀይሉ፣ ሦስተኛው ሐይሉ ብሎ ይጽፋል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት ነው። በአንዱ ስም ቁጠባ፣ በሌላው ብድር ይዞ ይገኛል። ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት ከሚለዩበት ደንብ) በፊት በነበረ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ መዝገብ ካላችሁ ደግሞ፣ ሲዛወር የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል። ይህን ማጽዳት የሰው ዓይን የሚጠይቅ፣ ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው። አባሉን በስልክ ቁጥርና በመታወቂያ ለዩት፤ በስም ብቻ አትመኑ።

አሁን ወደ መመለሻው እንምጣ። “ባካፕ (የመረጃ ቅጂ) አለን” ማለት መመለስ እንችላለን ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን አገበያይ ድርጅት አዲስ ሶፍትዌር ሰርቨሮቹ (ሥራውን የሚያካሂዱት ዋና ኮምፒውተሮች) ላይ ሲጭን፣ ከስምንቱ አንዱ ተረሳ። በተረሳው ላይ ዓመታት ያልተነካ አሮጌ ኮድ ነቃና ያልታሰበ ግዥና ሽያጭ መልቀቅ ጀመረ። ሰዎቹ ደንግጠው ምን አደረጉ? ትክክለኛውን አዲስ ኮድ ከሰባቱ ሰርቨሮች አነሱት። ያኔ አሮጌው በሁሉም ላይ ነቃ። 45 ደቂቃ ገደማ ነበር፤ ኪሳራው ከ460 ሚሊዮን ዶላር በለጠ። መመለስን ተለማምደውት ቢሆን ኖሮ የመመለሱ እርምጃ ራሱ ጉዳቱን እንደሚያባብስ ቀድመው ባዩ ነበር። ስለዚህ አንድ እሁድ ሰብሰብ በሉና የውሸት ችግር ፍጠሩ። ወደ ድሮው ተመለሱ። ስንት ሰዓት እንደፈጀ ሰዓት ይዘሽ ጻፊ።

ማቆሚያ ሥልጣንም ይታወቅ። መጋቢት 7 ቀን 2016 ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከሲስተም ማሻሻያ ጋር በተያያዘ ችግር ሰዎች አካውንታቸው ውስጥ ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ አገልግሎቱን አቁሞ ችግሩን አስተካከለ፤ ገንዘቡን መልሶ መሰብሰቡ ግን ሰው በሰው እየተፈለገ ሳምንታት ወሰደ። እናንተ ጋ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ያየ ሠራተኛ፣ ሥራ አስኪያጅ ሳይቀሰቅስ ሲስተሙን መዝጋት ይችላል? ስሙ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ በመዝጋቱም እንደማይጠየቅ ይጻፍለት።

“ዘጠና በመቶ” የሚለውን ቃል ከዛሬ ጀምሮ አትቀበዪ። በምትኩ “አሳየኝ” በይ። ገንዘብ ያዧ ተቀምጣ በእውነተኛ ዳታ ብድር ትስጥ፣ ክፍያ ትቀበል፣ ቀኑን ትዝጋ። የተቻለው አለቀ ይባላል፤ ያልተቻለው ገና ነው። የ64ቱን ረድፍ ዝርዝርም እንዲሁ አጥሪው። ሰባት ስምንቱን አስቀሪና በእያንዳንዱ ፊት የአንድ ሰው ስም እና “እስከዚህ ቀን ድረስ እውነቱን እናውቃለን” የሚል ቀን ጻፊ። ለዚህ ኤክሴል ይበቃል፣ ሌላ ነገር አትግዙ።

ለቦርዱ “አንደርስም” ብለሽ አትግቢ፤ ሰነፍ ያስመስልሻል። በሁለት መቶዎቹ አባላት ሙከራ የተገኘውን ልዩነት በአንድ ገጽ ይዘሽ ግቢ፣ ከነብሩ። “ሐምሌ 1 አንድ ቅርንጫፍ ይጀምራል፤ የቀሩት ይህ ይህ ሲሟላ ተራ በተራ ይከተላሉ” በይ። እንዲህ ከሆነ የነገሯቸው ቀን አልታጠፈም፤ ለአባላትም አፍ ሞልተው የሚናገሩት አላቸው። ከስድስት አንዱ ቢሰናከል ደግሞ በስልክና በደብተር ይያዛል። ስድስቱ በአንዴ ቢሰናከሉ ግን በር ላይ የሚቆመውን ሰልፍ የሚመልሰው ማን ነው?

ጥያቄ

ጋሼ፣ እኔ ፕሮግራመር ነኝ። አምስት ሆነን የያዝነው ፕሮጀክት ሦስት ወር ዘግይቷል። አለቃችን ስድስት ሰው ሊጨምርልን ነው። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይለናል። እኔ ግን ፈርቻለሁ። ተሳስቼ ይሆን?

— ከአዲስ አበባ

መልስ

አልተሳሳትክም ወንድሜ። ሎሚ አንድ አንድ እያሉ ይከፋፈሉታል፤ የሎሚ ተሸካሚ ከጎኑ ካለው ጋር መነጋገር አያስፈልገውም። በኮድ ሥራ ግን እርስ በርስ መነጋገሩ ራሱ ትልቁ ሥራ ነው። አምስት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ቢነጋገሩ 10 ጥንድ ይሆናሉ። አሥራ አንድ ስትሆኑ 55 ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አይቢኤም በተባለው የአሜሪካ የኮምፒውተር ኩባንያ ውስጥ ኦኤስ 360 የተባለውን ትልቅ ሶፍትዌር ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ ይህን በሥራው አይቶ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ ያዘገየዋል ብሎ ጽፏል። አዲሶቹን የሚያስተምረው ደግሞ ኮዱን በደንብ የሚያውቀው ሰው ነው፤ እሱ አስተማሪ ሲሆን ሥራው ይቆማል።

አለቃህን ግን በባዶ እጅ አትመልሰው፤ ሊረዳችሁ ፈልጎ ነው። ከስድስቱ ሁለቱን ጠይቀው። አንዱ ቴስት ብቻ ያድርግ፣ ሌላው ዳታ ያጽዳ፤ እነዚህ ሳትቀላቀሉ የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው። ከዚያ ከደንበኛው ጋር ተቀመጡና ያልተሠሩትን ነገሮች በዝርዝር አቅርቡለት። “በመጀመሪያው ቀን ይህ ባይኖር ሥራህ ይቆማል?” ብላችሁ አንድ በአንድ ጠይቁት። “አይቆምም” ያለውን ሁሉ ለሁለተኛ ዙር አቆዩት።