ክር፣ ጠጠር እና የተሰበረ መነጽር ይዘሽ ጀምሪ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛ ዓመት የሳይኮሎጂ ተማሪ ነሽ። ሰው ጥልቀትንና እንቅስቃሴን በዓይኑ እንዴት እንደሚረዳ ማጥናት ትፈልጊያለሽ። ባሕር ዳር ያሉት ቤተሰቦችሽ «ይሄማ የዓይን ሐኪም ሥራ ነው» ይሉሻል፣ ጓደኞችሽ ሳይኮሎጂ ማለት ካውንስሊንግ ነው ይላሉ፣ በምትማሪበት ቦታ ለዚህ የሚሆን ላብ (ቤተ ሙከራ) የለም፣ ሒሳብም ያስፈራሻል። ልተወው ወይ ነው ጥያቄሽ።

አትተዪው።

ለቤተሰቦችሽ በ1983 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ስለተጠናች አንዲት ታካሚ ንገሪያቸው። ዓይኗ ደኅና ነበር፤ ቀለም ትለያለች፣ ዕቃ ታውቃለች። በአንጎሏ የኋላ ክፍል በግራም በቀኝም ጉዳት ደርሶባት የጠፋባት እንቅስቃሴን ማየት ነው። ሻይ ስትቀዳ ፈሳሹ እንደ በረዶ ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላታል፣ ስለዚህ ስኒው መቼ እንደሚሞላ አታውቅም። መንገድ ልታቋርጥ ስትል ሩቅ ያየችው መኪና ድንገት አጠገቧ ይደርሳል። የዓይን ሐኪም ዓይኗን ቢመረምር ምንም ችግር ላያገኝ ይችላል። የአንቺ ሙያ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ላብ የለም ላልሽው ደግሞ፣ ይህ ዘርፍ ከማሽን ይልቅ የሚፈልገው ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. አካባቢ ቤላ ዩሌሽ የተባለ ተመራማሪ በኮምፒውተር ሁለት የነጠብጣብ ሥዕሎች ሠራ። አንዱን ብቻ ብታዪ የተበተነ ነጠብጣብ እንጂ ምንም ቅርጽ የለውም፣ አንዱን ለቀኝ ዓይን ሌላውን ለግራ ዓይን ስታሳዪ ግን መሐል ላይ አንድ አራት ማዕዘን ወጥቶ ይንሳፈፋል። ከዚህ በፊት ብዙዎች አንጎል መጀመሪያ ዕቃውን ይለያል፣ ከዚያ ርቀቱን ያሰላል ብለው ያስቡ ነበር። እዚህ ግን ቀድሞ የሚለይ ዕቃ የለም! ዩሌሽ ሌላውን የርቀት ፍንጭ ሁሉ አስወግዶ በሁለቱ ዓይኖች ሥዕል መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ አስቀረ፣ መልሱም ጠርቶ ወጣ። የዚህን ሰው አስተሳሰብ ከያዝሽ ግማሹን መንገድ ሄደሻል ብዬ አምናለሁ።

አሁን የቤት ሥራ ልስጥሽ። ክር ላይ ጠጠር እሰሪና ከፊትሽ ግራና ቀኝ ቀጥ ባለ መስመር ይወዛወዝ። ከተሰበረ የፀሐይ መነጽር አንዱን ጥቁር መስታወት አውጪና አንድ ዓይንሽ ላይ ያዢው፣ ሁለቱንም ዓይን ግን አትጨፍኚ። ጠጠሩ ወደ አንቺ እየቀረበና እየራቀ ሲዞር ታዪዋለሽ። ጥቁሩን መስታወት ወደ ሌላው ዓይን ስታዞሪው አዙሪቱም አቅጣጫ ይቀይራል። ብርሃን ያነሰበት ዓይን መልእክቱን ትንሽ አዘግይቶ ስለሚልክ አንጎል የሁለቱን ዓይኖች ልዩነት እንደ ርቀት ይቆጥረዋል። ጥልቀትና እንቅስቃሴ በአንድ ክር ላይ ማለት ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ፑልፍሪሽ ይህን በ1922 እ.ኤ.አ. ሲያብራራ እሱ ራሱ አንድ ዓይኑ አያይም ነበር፤ ስለዚህ ክስተቱን በገዛ ዓይኑ ማየት አይችልም። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

ከዚያ ሙከራውን በጓደኞችሽ ላይ ሥሪ። አሥራ አምስት ሰው ይበቃል። «ሲዞር ታያለህ?» ብለሽ ግን እንዳትጠይቂ፣ መልሱን በአፉ አስገባሽለት ማለት ነው። ምንም ሳትነግሪው ያየውን መንገድ ወረቀት ላይ እንዲሥል አድርጊ፣ መስታወቱን የምታቀያይሪበትን ተራ በዕጣ ወስኚ፣ እያንዳንዱን መልስ ኤክሴል ላይ መዝግቢ።

ለዕረፍት ባሕር ዳር ስትሄጂ ደግሞ ክረምት ወጥቶ ውኃው ሲሞላ ጢስ ዓባይ ውረጂ። ፏፏቴው ላይ አንድ ቦታ መርጠሽ ለአንድ ደቂቃ ያህል ትኩር ብለሽ እዪ፣ ከዚያ ዓይንሽን ጎን ወዳለው ድንጋይ አዙሪ። ድንጋዩ ወደ ላይ የሚሄድ ይመስልሻል። ሮበርት አዳምስ የተባለ ሰው ይህንኑ በ1834 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ በሚገኝ ፏፏቴ አይቶ ጽፎታል።

ሒሳቡን በተመለከተ የሚያስፈልግሽ በዋናነት ስታቲስቲክስ ነው። አንድ የተለመደ ሙከራ ልንገርሽ። ስክሪን ላይ ብዙ ነጠብጣቦች ይንቀሳቀሳሉ፣ የተወሰኑት ብቻ አብረው ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ይሄዳሉ፣ ሌሎቹ እንደፈለጉ ይራወጣሉ። ተፈታኙ ወዴት እንደሄዱ ይናገራል። አብረው የሚሄዱት እያነሱ ሲመጡ መልሱ ወደ ግምት፣ ወደ 50 ከመቶ ይወርዳል፤ አንቺ የምትፈልጊው ሰውየው ማየት የሚጀምርበትን ልክ ነው። ሳይኮፓይ የሚባለው ፕሮግራም ይህን በተራ ላፕቶፕ ይሠራል፣ ነጻ ነው፣ አንዴ ከጫንሽው ያለ ኢንተርኔትም ይሄዳል። ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋም በዚያው ተለማመጂ።

የሥራውን ነገር አልዋሽሽም። አገር ቤት «የእይታ ተመራማሪ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ብትጠብቂ ብዙ ትጠብቂያለሽ። ቅርቡ መንገድ ማስተርስ ይዞ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ነው፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦፕቶሜትሪ (የእይታ ምርመራና የመነጽር ሙያ ትምህርት) ስላለ ከእነሱ ጋር አብሮ መሥራትም ይታሰብበት። ዶክትሬት ካማረሽ አሜሪካ ውስጥ በሳይኮሎጂ የምርምር ዶክትሬት ብዙ ጊዜ ክፍያው ተሸፍኖ ደመወዝ አለው፣ ማስተርስ ግን ብዙውን ጊዜ ከኪስ ነው፤ ይህን ሳያውቁ ዕዳ ውስጥ የገቡ አሉ። ከዶክትሬት በኋላ እንደ ሜታ (የፌስቡክ ባለቤት) ያሉ የቪአር መነጽር፣ ማለትም በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም ውስጥ እንዳለሽ አድርጎ የሚያሳይ መነጽር፣ የሚሠሩ ኩባንያዎችም ይቀጥራሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1972 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያሉ የሚኤን ሰዎች ሥዕል እንዴት እንደሚያዩ የሚመረምር። ወረቀት እንግዳ ስለነበረባቸው የእንስሳቱ ሥዕል የቀረበላቸው በጨርቅ ላይ ነው። አጥኚዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። የመመረቂያ ርዕስ ስትፈልጊ ይህን አስቢበት።

የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ቦታ ፈልገሽ ለፕሮፌሰሮች ስትጽፊ «በላብዎ ሥራ ፍላጎት አለኝ» ብቻ ብለሽ አትላኪ። የክሩን ሙከራ ውጤት በአንድ ግራፍ አያይዢ፣ ያልገባሽን አንድ ነገር ጠይቂ። ከመላክሽ በፊት ለእኔ ብትልኪው አየዋለሁ።