አሮጌውን መንበር ምን እናድርገው?

ጥያቄ፦ አባ፣ ይባርኩኝ። መርካቶ የምሠራ ነጋዴ ነኝ፤ ትውልዴ እምድብር አካባቢ ነው። እዚህ ያለን የአገር ልጆች ገንዘብ አዋጥተን የገጠር ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችንን ለመስቀል በዓል ልናሳድስ ነው። መንበሩ፣ ማለትም ቅዳሴ የሚቀደስበት መሠዊያ፣ የዝግባ ነው፤ ጠርዙ ጠቁሯል፣ ሰም ጠግቧል። በእብነ በረድ ልንቀይረው አስበናል፤ የሰጪዎቹም ስም ይቀረጽበታል። የጥምቀት ገንዳው የድሮ ድንጋይ ነው። መቅረዞቹ ዝገዋል፣ የእመቤታችን ሐውልት ቀለሙ ተላጧል። ሽማግሌዎቹ ግን «ማንም እንዳይነካው!» ብለው ተቆጡ። አሮጌውን ሸጠን ለእድሳቱ ብናውለው ኃጢአት አለው?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይባርክህ። በመርካቶ ሩጫ መሀል ክርስትና የተነሣህበትን ቤት ስላልረሳህ ደስ ብሎኛል። ሽማግሌዎቹ ግን እውነት አላቸው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አገር ቤት የሚወርደው ሰው ሲዘጋጅ፣ ይህ ጥያቄ ይመጣልኛል። ብዙ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ዕቃ እንደ ሳሎን ሶፋ ያየዋል። ሲያረጅ ይወጣል፣ የተሻለ ይገባል። ሶፋው ግን የገዛው ሰው ንብረት ነው። መንበር በጸሎትና በቅብዐ ሜሮን ከተለየ በኋላ የሰጪው አይደለም፤ የመንደሩም አይደለም። ለእግዚአብሔር የተለየ ነው። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ሕግ የተቀደሰ ዕቃ በክብር እንዲያዝና ለተራ ነገር እንዳይውል ያዛል። የዝግባው እንጨት ተሸጦ የአንድ ምግብ ቤት ባንኮኒ ሲሆን ይታይህ።

ጌታችን መባውን ከመሠዊያው ያስበለጡትን እንዲህ ሲል ገሥጿቸዋል፦ «ማናቸው ይበልጣል? መባው ነውን? ወይስ መባውን የሚቀድሰው መሠዊያው?» (ማቴ 23፥19) እናንተም እብነ በረዱን፣ ማለትም መባችሁን፣ አስቀድማችኋል።

ጠርዙ ጠቁሯል ብለሃል። ያ ጥቁረት ከየት መጣ? ካህኑ የሚሳለመው እዚያ ጋ ነው። የዕጣኑ ጢስ ያረፈው እዚያ ነው። ሥጋ ወደሙ የሚቀርብባቸው ጻሕሉና ጽዋዑ የተቀመጡት፣ የጧፉ ሰም የተንጠባጠበው እዚያው ነው። የእናትህ ፍታት የተደረገው፣ የአባትህ ተክሊል የተፈጸመው ፊት ለፊቱ ይሆናል። ይህን በአንድ ቀን በኩርቱ ፌስታል ጠቅልሎ ማውጣት ይከብዳል፤ ሽማግሌዎቹን ያስቆጣቸው እሱ ነው።

ምናልባት ድህነቱ አሳፍሯችሁ ይሆናል። በአገራችን የካቶሊክ እምነትን የሰበከውን ሚስዮናዊ ቅዱስ ዮስጢኖስን፣ አባቶቻችን አቡነ ያዕቆብ የሚሉትን፣ አስብ። በ1849 እ.ኤ.አ. ጵጵስና የተቀበለው ምፅዋ ላይ በድብቅ ነው። በ1860 ያረፈውም መንገድ ላይ ነው። የእሱ ደቀ መዝሙር የነበረው ኢትዮጵያዊው ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በ1855 በሰንሰለት እንደታሰረ ሞተ። እምነታችን የደረሰን እብነ በረድ በሌለበት ነው። በእንጨት መንበር ላይ የሚቀደሰው ቅዳሴ በካቴድራል ከሚቀደሰው አያንስም።

እንዲህ ስል ይበስብስ ማለቴ አይደለም። መንበሩን ምስጥ በልቶት ከሆነ እግሩ ይጠገን። ጨርሶ የማይሆን ከሆነ ደግሞ በጳጳሱ ፈቃድ ይነሣል፤ እንጨቱ ይቃጠላል፣ አመዱ ሰው በማይረግጠው ንጹሕ ቦታ ይቀበራል። መቅረዙ ዝገቱ ተፍቆ ይወልወል። ሐውልቱን በሙያው ለተካነ ሰው ስጡት፤ በአጥር ቀለም ተቀብተው ፊታቸው የጠፋ ሐውልቶች አይቻለሁ፣ ያሳዝናል። የጥምቀት ገንዳውን ከቦታው አትንኩት። አንተም አያትህም የተጠመቃችሁበት ነው።

ስለ ስሙ ጠንከር ብዬ ልንገርህ። በመንበር ላይ የሰጪ ስም አይቀረጽ። «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» ተብሏል። (ማቴ 6፥3) ደግሞም በቅዳሴያችን ዲያቆኑ «ጸልዩ በእንተ እለ ያበውኡ መባአ» ይላል፤ መባ ለሚያመጡ ጸልዩ ማለቱ ነው። ምእመኑ ሁሉ ያኔ ይጸልይልሃል። ከዚህ ወዲያ ምን ስም ትፈልጋለህ?

አንድ ነገር ደግሞ አለ። እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ያ አካባቢ በአዲስ አበባ ሀገረ ስብከት ሥር ነበር፤ ዛሬ ግን እምድብር የራሱ ሀገረ ስብከትና ጳጳስ አለው። መርካቶ ቡና እየጠጣችሁ የወሰናችሁት እዚያ አይጸናም። መጀመሪያ ቆሞሱን፣ ማለትም የአጥቢያውን ኃላፊ ካህን፣ አነጋግሩ። ሽማግሌዎቹንም አስቀምጣችሁ መንበሩን ማን እንደጠረበው፣ ገንዳው ከየት እንደመጣ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ማን እንደባረከው ጠይቁና በደብተር ጻፉ። ብዙ የገጠር ቁምስና ታሪኩ በእነሱ አፍ ብቻ ነው ያለው።

ገንዘቡም ሥራ አያጣም። የጉራጌ ዝናብ ቀላል አይደለም፤ ቆርቆሮው ያፈሳል? መንበሩ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ አለ? ቆሞሱ ጋ ስትደውል መጀመሪያ እሱን ጠይቅ።