ፎርማት ብቻውን አያድነውም

ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ፕሪንት ቤት ያላት እህታችን ጽፋልናለች። ኮምፒውተሯ አሮጌ ኮር አይ3 ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ዊንዶውስ 7 ተጭኖበታል። ተማሪ ፍላሽ በሰካ ቁጥር ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ይሆናል። በዚያ ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰማያዊ ስክሪን ይወጣባታል። በ4 ወር ውስጥ 3 ጊዜ ፎርማት አስደርጋለች። «ደግሜ ላስደርገው ወይስ ሌላ ልግዛ?» ትላለች።

እህቴ፣ ለመግዛት አትቸኩይ። ያሉብሽ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፣ አንዱ መፍትሔ ለሌላው አይሠራም።

ፎልደሩን ሾርትከት ከሚያደርገው ቫይረስ ልጀምር። የተማሪው ፋይል ብዙ ጊዜ አልጠፋም፣ ተደብቆ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስጠርዝ መጥቶ ፍላሹ ባዶ ሆኖበት ፊቱ የሚለዋወጥ ልጅ ስንቱን አይቻለሁ። እባክሽ ፍላሹን ፎርማት አታድርጊበት። ፎልደር ኦፕሽን ውስጥ ገብተሽ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጊ፣ እዚያው ዝቅ ብሎ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክትም አንሺ። ዋናው ፋይል ብቅ ይላል። ሾርትከቱን ግን ደብል ክሊክ እንዳታደርጊው! ዊንዶውስ 7 ላይ ቫይረሱ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ፍላሹ ስለተሰካ ሳይሆን ሰው ሾርትከቱን ፎልደር መስሎት ስለሚከፍተው ነው።

ፎርማት ከተደረገ በኋላ ለምን ይመለሳል? በሩ ክፍት ስለሆነ ነዋ። ዊንዶውስ 7 የደህንነት አፕዴቱ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ቆሟል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዓለምን ያናወጠው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የሚባል ቫይረስ በብዛት የመታው ዊንዶውስ 7ን ነበር፣ ያውም ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍን አፕዴት ከ2 ወር በፊት አውጥቶ እያለ፣ ሰው ስላልጫነው ብቻ። አሁን ደግሞ የሚጫን አዲስ አፕዴት የለም። ዊንዶውሱ በአክቲቬተር (ሳይገዙት በሚከፍተው ፕሮግራም) የተከፈተ ከሆነማ ይብሳል፣ ምክንያቱም አብዛኛው አክቲቬተር ከሁሉ በፊት «አንቲቫይረሱን አጥፋ» ነው የሚለው። ወደ አዲሱ ልሻገር ብትዪም ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አልቋል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ስለሚፈልግ ያንቺን ማሽን አይቀበልም።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ጥግ ላይ የተቀመጠ ሌላ አሮጌ ኮምፒውተር ካለሽ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሲስተም አስጭኚበት። ነፃ ነው፣ 2 ጊጋ ራም ላይ እንኳ ይነሳል። የተማሪ ፍላሽም ቴሌግራምም እዚያ ላይ ብቻ ይከፈት። የዊንዶውስ ሾርትከት ቫይረስ እዚያ አይነሳም። ከዚያ ዎርዱንና ፒዲኤፉን ብቻ መርጠሽ በራስሽ ፍላሽ ወደ ፕሪንት ማሽኑ አሻግሪ። ፕሪንቱን ለዊንዶውሱ ተይው፣ የአማርኛ ዎርድ ፋይል ሊኑክስ ላይ ገጹ ሊዛነፍ ይችላል፣ ለጥራዝ ደግሞ አይሆንም። የፕሪንት ማሽኑን ከኢንተርኔት ንቀይው። አንድ የመጨረሻ ፎርማት ያስፈልገዋል፣ ግን ያለ አክቲቬተር። ሲፒዩው ጎን ላይ የዊንዶውስ ቁጥር ያለበት ተለጣፊ ካለ ባለሙያው በሱ ይክፈተው።

ወደ ሰማያዊው ስክሪን ስንመጣ፣ ዲስኩ እየጻፈ ሳለ መብራት ድርግም ሲል የሲስተም ፋይል ይበላሻል። ስታቢላይዘር ብቻውን ከዚህ አያድንሽም፣ ባትሪው የሚሠራ ዩፒኤስ ነው የሚያስፈልግሽ፣ ሥራሽን ሴቭ አድርገሽ ለማጥፋት 5 ደቂቃ ከያዘልሽ ይበቃል። ዩፒኤስ ኖሮሽም ከቀጠለ ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ ገመዱን ንቀይ፣ ራሙን አውጥተሽ የወርቅማ ጥርሶቹን በላጲስ ጠረግ አድርገሽ መልሺው። ዲስኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካለው ግን ፎርማቱም ሌላውም ይቅር፣ አሁኑኑ አጥፊውና ዳታውን ለሚያወጣ ሰው ውሰጂው።