ካቴናው በየዙሩ የሚወጠረው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ማርሽ የሚቀይር አሮጌ ብስክሌቴን ወደ ባለ አንድ ማርሽ ለወጥሁት። የማርሽ መቀየሪያዎቹን ከነገመዳቸው አወጣሁ፤ ከፊት ትልቁን ማርሽ አንስቼ ባለ 42 ጥርሱን ብቻ፣ ከኋላም ባለ 16 ጥርሱን ብቻ አስቀረሁ። ካቴናውን አሳጥሬ፣ ጎማውን ወደ ኋላ ስቤ በደንብ ወጠርሁት። ነገር ግን ፔዳሉ በዞረ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ይከብዳል፤ ቀጥሎ ይለቃል። እንደ ወፍጮ የሚፈጭ ድምፅም አለው። ጉድጓድ ገጥሞኝም ሁለት ጊዜ ካቴናው ወልቋል። የበለጠ ላጥብቀው?

መልስ፦ አያጥብቁት። እንዲያውም አሁን ካለበት ትንሽ ያላሉት።

ካቴና የሚወልቀው ስለላላ ብቻ ነው የሚለው እምነት ብዙ ሰው ያሳስታል። እንደ ክራር ክር የተወጠረ ካቴና የፔዳሉን ዘንግና የኋላውን ሞዞ (የጎማውን እምብርት) ሌት ተቀን ይጎትታል፤ ኩሽኔታዎቹን ይበላል፤ የማርሹን ጥርስ ይስላል፤ የእግርዎንም ጉልበት ይቀማል። የእርስዎ ካቴና የሚወልቀው አንድ ቦታ ላይ ከልክ በላይ ጠብቆ ሌላው ቦታ ላይ ከልክ በላይ ስለሚላላ ነው። በጠበቀው ቦታ ላይ ሲያጠብቁት፣ በላላው ቦታ ላይ ያለው ችግር እንዳለ ይቀራል።

መጀመሪያ ይቁጠሩ። ብስክሌቱን ገልብጠው ያቁሙና ከካቴናው አንዱን መገጣጠሚያ በቀለም ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ ፔዳሉን በእጅዎ ቀስ ብለው እያዞሩ ክብደቱ በስንት ዙር አንዴ እንደሚመጣ ይመልከቱ። በእያንዳንዱ የፔዳል ዙር አንዴ የሚመጣ ከሆነ ጥፋቱ የፊት ማርሹ ወይም የፔዳሉ ዘንግ ነው። በሁለት ዙር ተኩል ገደማ አንዴ ከመጣ ጥፋቱ ካቴናው ራሱ ነው፤ ምክንያቱም 100 ያህል መገጣጠሚያ ያለው ካቴና በ42 ጥርስ እየተሳበ አንድ ጊዜ ዞሮ ለመምጣት ያን ያህል ይፈጅበታል። እንዲህ ከሆነ ካቴናውን ሲያሳጥሩ የገጣጠሙበትን ቦታ ይፈትሹ፤ በአብዛኛው እዚያ ላይ አንድ መገጣጠሚያ ደርቆ አልተጣጠፍም ይላል። በሁለት እጅ ይዘው በቀስታ ወደ ጎንና ወደ ጎን ሲያለማምዱት ይፈታል። በአንድ የፔዳል ዙር ሁለት ሦስት ጊዜ የሚመጣ ክብደት ግን ከኋላ ማርሹ ነው።

እርስዎ «ፔዳሉ በዞረ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ» ብለው ስለጻፉ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ፊት ማርሹ ነው። ከሁሉም በላይ ያስጠረጠረኝ ደግሞ ትልቁን ማርሽ ማንሳትዎ ነው። እነዚያ ቡሎኖች የተሠሩት ሁለት ማርሽ አንድ ላይ ለመያዝ ነው። አንዱ ሲነሳ ቡሎኑ ይረዝማል፤ መፍቻው እስከ መጨረሻው የጠበቀ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ቡሎኑ ከገዛ ዳዶው መጨረሻ ጋር ተጋጭቶ ቆመ እንጂ ማርሹን አልያዘም። አንድ ደንበኛዬ ሁለት አዲስ ካቴና ቀያይሮ ተስፋ ሲቆርጥ ወደ እኔ መጣ። የፊት ማርሹን በሁለት ጣቴ ይዤ ስነቀንቀው ከፔዳሉ ክንድ ጋር ሲጋጭ ይሰማ ነበር። ቡሎኑ የረዘመው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ለአንድ ማርሽ የሚሆኑ አጫጭር ቡሎኖች አሉ፤ ካላገኙ በእያንዳንዱ ቡሎን ሥር ልኩ የሆነ ሮንዴላ ያስገቡ፤ ውፍረታቸው ሁሉም እኩል ይሁን።

ማርሹ በሚገባ ቢያዝም መሐሉን ላይጠብቅ ይችላል። የቡሎኖቹ ቀዳዳዎች ከቡሎኖቹ በጥቂቱ ስለሚሰፉ፣ ማርሹ ወደ አንድ ወገን ተንሸራትቶ ከታሰረ ሲዞር እንቁላል ይሆናል። ማስተካከያው ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ከባድ አይደለም። ቡሎኖቹን ማርሹ በግድ የሚንሸራተት እስኪሆን ድረስ ብቻ ያላሉ። ፔዳሉን ቀስ ብለው እያዞሩ ካቴናው በጣም የጠበቀበትን ቦታ ያግኙ፤ እዚያ ላይ ያቁሙና የላይኛውን ካቴና መሐሉን በካቻቪቴ እጀታ በቀስታ መታ ያድርጉት። ማርሹ ወደ ኋላ፣ ወደሚላላበት ወገን ፈቀቅ ይላል። እንደገና ያዙሩ፤ የሚጠብቀው ቦታ ይቀየራል፤ እንደገና መታ። ልዩነቱ እያነሰ ሲሄድ ቡሎኖቹን ጥቂት ያጥብቁና ይድገሙት። በመጨረሻ አንዱን ጠብቆ ወደ ጎረቤቱ ከመሄድ ይልቅ በተቃራኒው ወዳለው እየዘለሉ ያጥብቁ። ይህን ሥራ የሠራ ሰው ካቴናው በጣቱ ላይ በእኩል ስሜት ሲያልፍ ምን እንዳተረፈ ወዲያውኑ ያውቀዋል። ማርሽዎ ከክንዱ ጋር በሪቬት የተመታ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም፤ በጠበቀበት ቦታ ለክተው ማላላት ብቻ ነው የሚቀርዎት።

አሁን ወደሚፈጨው ድምፅ እንምጣ። ይህ ብዙውን ጊዜ ካቴናው ሰያፍ ስለሚሄድ ነው። የማርሽ መቀየሪያ ያለው ብስክሌት ሰያፍ ካቴናን ይችላል፤ የእርስዎ ግን አሁን ቀጥ ያለ መሆን ይችላልና ቀጥ ይበል። በዓይን መገመት ይቻላል፤ መለካት ግን ይሻላል። የፊቱን ሲለኩ ኮርቻውን ከያዘው ቱቦ ጎን እስከ ማርሹ ጥርስ መሐል ያለውን ርቀት ይውሰዱና የቱቦውን ውፍረት ግማሽ ይደምሩበት። ለምሳሌ ቱቦው 28.6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ግማሹ 14.3 ነው፤ ርቀቱ 29 ከሆነ ድምሩ 43.3 ይመጣል። የኋላውን ሲለኩ ደግሞ ሞዞው የሚገባበትን የፍሬሙን የውስጥ ስፋት ለሁለት ይክፈሉና ከቀኙ የፍሬም ግድግዳ እስከ ማርሹ ጥርስ መሐል ያለውን ይቀንሱ። ስፋቱ 130 ከሆነ ግማሹ 65፤ ርቀቱ 22 ከሆነ 43 ይቀራል። 43.3 እና 43 ማለት በጣም ጥሩ ነው። ልዩነቱ ከሁለት ሚሊ ሜትር ካለፈ ያስተካክሉት፤ ከኋላ ማርሾቹ መካከል የነበሩትን ቀለበቶች ካልጣሏቸው በግራና በቀኝ እያለዋወጡ ማርሹን ወደሚፈልጉት ቦታ ማምጣት ይችላሉ። ካልበቃ የፊቱን ማርሽ ከክንዱ ውስጠኛ ወገን ወደ ውጭኛው ማዛወርም አለ።

ጥርሶቹንም ይመልከቱ። ለማርሽ መቀየሪያ የተሠሩ ማርሾች አንዳንድ ጥርሶቻቸው ሆን ተብለው አጥረውና ተቆርጠው ይሠራሉ፤ ካቴናው በቀላሉ እንዲዘል። ለእርስዎ ጠላት ናቸው። ጥርሱ ሁሉ እኩልና ረጅም የሆነ ማርሽ ካገኙ ካቴና መውለቁ ትልቁን ምክንያት ያጣል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው የካቴናው ውጥረት የሚመጣው። በጠበቀበት ቦታ ላይ የታችኛውን ካቴና መሐሉን በጣትዎ ሲያነሱና ሲጫኑ በጠቅላላው ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይጫወት። ፔዳሉን ሲያዞሩት የትም ቦታ ላይ ሊያንገራግር አይገባም። ጎማውን በአንድ ጊዜ ስቦ ለማሰር መታገል ድካም ነው፤ በተራ ያራምዱት። ሁለቱንም ዳዶዎች በመጠኑ ይሰሩ፤ የቀኙን ብቻ አላልተው የጎማውን ፊት ወደ ቀኝ ሲገፉት የዘንጉ የቀኝ ጫፍ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ይሰሩት። ከዚያ የግራውን አላልተው ጎማውን ወደ መሐል ይመልሱና ይሰሩት። ጎማው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነው። ቦታው ሲቀየር የፍሬኑ ጎማዎችም ቸርኬው ላይ ማረፋቸውን ሳያረጋግጡ አይንዱ፤ ከፍ ብለው የጎማውን ጎን የሚነኩ ከሆነ ቀን ቆጥረው ይቀዱታል።

ጎማው ወደ ኋላ የሚሳብበት ቦታ አልበቃ ካለ፣ ከካቴናው አንድ ሙሉ ጥንድ (ሁለት መገጣጠሚያ) ሲቀንሱ ዘንጉ 12.7 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት እንደሚመጣ፣ ከማርሾቹ በአንዱ ላይ አንድ ጥርስ ሲጨምሩ ደግሞ ወደ 3 ሚሊ ሜትር እንደሚመጣ ይወቁ። በዚህ ሒሳብ ከኋላ 17 ወይም 18 ጥርስ ማድረግ ቦታውን ያስተካክላል፤ ዳገት ላይም እግርዎ ያመሰግንዎታል።

ካቴናው አሮጌ ከሆነ ከአንድ ፒን መሐል ጀምረው 24 መገጣጠሚያ ቆጥረው ይለኩ። አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306.5 አካባቢ ከደረሰ ይቀይሩት፤ 308 ከደረሰ ማርሾቹንም አብረው መቀየር ሳይኖርብዎት አይቀርም። ዘይት ሲቀቡ በየመገጣጠሚያው ጠብታ ብቻ አስገብተው የውጩን በጨርቅ ይጥረጉ፤ ውጩ ላይ የቀረ ዘይት አቧራ ከመሰብሰብ ሌላ ጥቅም የለውም።

ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላ የዘንጉን ዳዶዎችና የፊት ማርሹን ቡሎኖች አንድ ጊዜ ደግመው ይፈትሹ፤ አዲስ የታሰረ ነገር ትንሽ ይቀመጣል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ክብደቱ ካልጠፋ የፔዳሉን ክንድ ይዘው ወደ ጎን ይነቅንቁት፤ ከተንቀጠቀጠ ጥፋቱ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ነው። ካልተንቀጠቀጠ ደግሞ በስንት ዙር አንዴ እንደሚይዝ በትክክል ቆጥረው ይጻፉልኝ፤ ቁጥሩ ካለ የቀረውን አብረን እናገኘዋለን።