ቤን ሁር፣ ጾምና የልጄ ስልክ

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው አሜሪካ ነው። በፈረንጆቹ ፋሲካ ሰሞን ቴሌቪዥኑ «አሥርቱ ትእዛዛት» የተባለውን ፊልም ያሳያል። እኛ ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ ጾም ላይ ነን። ልጆቼ ደግሞ ቤን ሁር ከተባለው ፊልም የድሮውን ትተው አዲሱን አዩ። ትልቁ ልጄ ጌታን ሆኖ የሠራውን ሰውዬ ፎቶ ስልኩ ላይ አድርጎ ማታ ማታ ፊቱ ቆሞ ይጸልያል። የድሮውን ብቻ እዩ ልበላቸው? ወይስ ሁለቱም ኃጢአት ነው?

መልስ፦ ከልጅዎ ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው የእሱ ነገር ነው። አይቆጡት። በዚህ ዘመን ሳይቀሰቀስ የሚጸልይ ልጅ ማግኘት ቀላል አይደለም። ግን ስልኩ ላይ ያለው ሮድሪጎ ሳንቶሮ የሚባል ብራዚላዊ ተዋናይ መሆኑን ይንገሩት። ይኸው ሰው በሌላ ፊልም ራሱን አምላክ የሚያደርግ የፋርስ ንጉሥ ሆኖ ሠርቷል። ልጅዎ ነገ ያንን ቢያይስ? ሥዕለ አድኅኖ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሥዕል፣ እንዲህ ዓይነት ጣጣ የለበትም። ሠዓሊው የሚሥለው ቤተ ክርስቲያን ባስተማረችው ሥርዓት ነው። ካህን ባርኮት ለጸሎት ይሰጣል። አንድ ሥዕል ይግዙለትና ክፍሉ ውስጥ በምሥራቅ በኩል ይስቀልለት።

«የድሮው ይሻላል» ላሉት ግን ቶሎ አልስማማም። ቤን ሁር የሚባል ሰው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። ሉ ዋላስ የተባለ አሜሪካዊ ጄኔራል በ1880 እ.ኤ.አ. የጻፈው ልብ ወለድ ነው። በ1925፣ በ1959 እና በ2016 ፊልም ሆኗል። ስለዚህ አዲሱ ቅዱስ ቃሉን አበላሸ አይባልም። ያበላሸው ነገር ካለ ልብ ወለዱን ነው።

ሆኖም የ1959ኙ አንድ ነገር አውቆበታል፤ የጌታን ፊት አያሳይም። በሰንሰለት የታሰረው ባለታሪኩ ይሁዳ ቤን ሁር ናዝሬት ላይ በጥም ሊሞት ሲል አንድ ሰው ውኃ ያጠጣዋል። እኛ የምናየው ጀርባውንና እጁን ነው። ሮማዊው አለቃ ሊከለክል ይመጣል፤ ፊቱን ሲያይ ግን አፉ ይያዛል። የ2016ቱ ፊቱንም አሳየ፣ አናገረውም። ልጅዎ ፎቶ ያገኘውም በዚህ ነው። በሌላ በኩል በድሮው ጠላትየው ሜሳላ በሠረገላው ውድድር ተጎድቶ፣ ቂሙን እንደያዘ ይሞታል። በአዲሱ ተርፎ ከይሁዳ ጋር ይታረቃል። እርቁ ችኮላ ቢበዛበትም እኔ ይህን ወድጄዋለሁ።

ወደ ጾሙ እንምጣ። ቅዱስ ያሬድ «ይጹም ዓይን፣ ይጹም ልሳን» ብሏል። ይህን የሚያህል ደምና የሠረገላ ግጭት ለጾመኛ ዓይን አይመከርም። በሰሙነ ሕማማት ደግሞ ጨርሶ ይተውት። ግብረ ሕማማቱ በየሰዓቱ እየተነበበ፣ ስግደቱ እያለ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ፊልም ማየት ምን ይባላል? በሌላው ጊዜ ግን ፊልሙ በራሱ ኃጢአት ነው አልልም። እርስዎ አብረው ይዩ፤ መጽሐፍ ቅዱሱን አጠገብዎ ያድርጉ።

ለምሳሌ የ1956ቱ «አሥርቱ ትእዛዛት» ውስጥ ሙሴ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ሲመለስ የኢትዮጵያ ንጉሥና እኅቱ አብረውት ይመጣሉ። ልጆችዎ «የእኛ ሰው!» ብለው መጮኻቸው አይቀርም። ፊልሙ ግን ቶሎ አልፏት ወደ ግብፃዊቷ ልዕልት ፍቅር ይሄዳል፤ ያ ፍቅር ደግሞ ኦሪት ውስጥ የለም። ያኔ ፊልሙን አቁሙትና ዘኍልቍ 12ን ያንብቡላቸው። ሙሴ ኢትዮጵያዊት ሴት አግብቶ ነበር ይላል። የሙሴ እኅት ማርያምና ወንድሙ አሮን በእሷ ሰበብ ሙሴን አሙት፤ ማርያምም ለምጽ ወጣባት፣ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተዘጋባት። ሕዝቡም እሷ እስክትመለስ ሳይጓዝ ጠበቀ። ፊልሙን ከዚያ በኋላ ይቀጥሉ።